ፀሐይ የሚገባው ክፍል

«የክትባት ማስታወቂያ ነው እትዬ» አለ ባለሱቁ፣ ማስቲካና ሳሙና ከሚደረድርበት መስኮት አንገቱን አስግጎ። «ያው የጤና ጣቢያ ወረቀት ነው። እርስዎን አይመለከትም።»

የመሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተሯ ከግቢያቸው በር ፊት ለፊት ቆማለች። በቀኝ እጇ ነጭ በትሯን፣ በግራ እጇ አዲሱን ስልኳን ይዛለች። ስልኩ የተደቀነበትን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ተጭኖበታል። ወደ ሥራ ልትሄድ ስትል፣ ተወልዳ ያደገችበት ቤት በሩ ላይ ምን ቁጥር እንደተጻፈበት አለማወቋ ትዝ አላትና እስቲ ልሞክረው ብላ ወደ በሩ አዞረችው። «ትንሽ ራቅ ያድርጉት… ወደ ቀኝ… ጽሑፍ ተገኝቷል» አለ ስልኩ። ቀጥሎም ደስታም ኀዘንም በማያውቀው የሴት ድምፁ አነበበላት። «ለኪራይ። አንድ ክፍል ቤት። የራሱ መግቢያ ያለው። ፀሐይ የሚገባው። ለብቸኛ ሰው የሚመች። ዋጋ በስምምነት። ደላላ አይግባ።» መጨረሻ ላይ አንድ የስልክ ቁጥር ጠራ። የታናሽ ወንድሟ ቁጥር ነው። ማሽን ነውና ተሳስቶ ይሆናል ብላ ነው፣ በሩ ላይ ምን እንደተለጠፈ ባለሱቁን የጠየቀችው።

«ስንት ዓመት ለሞላቸው ልጆች ነው?» አለችው።

ባለሱቁ ትንሽ አሰበ። «ከአምስት ዓመት በታች ለሆኑ» አለ። «በጠብታ ነው የሚሰጠው፤ በመርፌ አይደለም።»

«በጠብታ ከሆነስ ደህና ነው።»

«እናቶች ካርዳቸውን ይዘው ይቅረቡ ይላል» ሲል ጨመረ፤ ነገሩ እያማረለት ሲሄድ ድምፁም እየተዝናና መጣ። «የታመመ ልጅ ካለ አስቀድማችሁ አሳውቁም ይላል።»

ባለሱቁ ክፉ ሰው አይደለም። በዚያ ሰፈር ክፉ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ጉዱም ያለው እዚያው ላይ ነው። ወረቀቱ ከተለጠፈ ሳምንት አልፎታል። ወተት አዳዩ አንብቦታል፤ ከላይኛው ቤት ያሉት ጡረተኛ መነጽራቸውን ወልውለው አንብበውታል፤ ተማሪዎች እየጮኹ አንብበውታል። አንብቦ ያበቃ ሁሉ በልቡ «ምስኪን!» ብሏል፤ «ቤተሰቦቿ ይንገሯት እንጂ እኔን ምን ጥልቅ አደረገኝ» ብሏል። እናም የነገራት የለም። በምትኩ ሰላምታውን አበዙላት። ሰሞኑን በመንገዱ ስታልፍ ከየበሩ «እንዴት አደሩ፣ ጤናዎስ፣ ሥራስ» ይዘንብላት ነበር። እሷ ለአዲሱ ስልክ መስሏት ኮራ ብላ ነበር አጸፋውን የምትመልሰው። አሁን ያ ኩራት ትዝ ሲላት ፊቷ ጋለ።

በግቢው ውስጥ የራሱ መግቢያ ያለው ክፍል የእሷ ብቻ ነው። እንደ ልቧ እንድትወጣና እንድትገባ ብለው እናቷ የሰጧት፣ አንዱ በሩ ወደ መንገድ የሚከፈት ክፍል ነው። እናትየው ካረፉ ወዲህ የወንድሟ ሚስት ክፍሉን በኀዘኔታ ነበር የምታነሳው። «ያ ክፍል ብርድ ነው እትዬ፣ እርጥበት ነው፤ እርስዎ ቻይ ሆነው ነው እንጂ ሰው አይኖርበትም» ትላለች። ማስታወቂያ ላይ ሲወጣ ግን ፀሐይ ገባበት።

ስልኩን የሰጣት መሥሪያ ቤቷ ነው። ለአካል ጉዳተኞች ቀን አዳራሹ ተሸልሞ፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ ረዥም ንግግር አድርገው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ከእኛ እኩል ታያለሽ» ብለው ካርቶኑን አስረከቧት። ፎቶ አንሺው አላነሳሁትም ስላለ ተቀብለው እንደገና አስረከቧት። ሁለተኛው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለተገኙ ሦስተኛ አስረከቧት። ካርቶኑ በየመሃሉ እየተቀማ ሲመላለስ የቆየ በመሆኑ፣ በመጨረሻ የእሷ መሆኑን ያመነችው ቤቷ ገብታ ከፍታ ስትዳስሰው ነው።

ቤት ውስጥ መጀመሪያ ላይ ስልኩ የቤቱ ብርቅ ሆኖ ነበር። ወንድሟ የመድኃኒት ካርቶን፣ ሚስቱ የቅባት ጠርሙስ እያመጡ «እስቲ ይኼን፣ እስቲ ይኼን» ሲሉ አመሹ። ሦስቱም እስኪበቃቸው ሳቁ። በማግስቱ እራት ላይ ግን ኦፕሬተሯ ዳቦዋን ስትቀባ ቆይታ፣ እጇ ላይ ያለውን ቆርቆሮ እንደዋዛ ለስልኩ አሳየችው። የወንድሟ ሚስት «ለእርስዎ ብዬ ከሩቅ ያስመጣሁት ንጹሕ ቅቤ» የምትለው ቆርቆሮ ነው። «ማርጋሪን» አለ ስልኩ። «ምንም ቅቤ የለውም። የመጠቀሚያ ጊዜው…» እያለ ቀኑን ሊጠራ ሲል አጠፋችው። ከዚያ ወዲያ «ስልኩን ባያደክሙት ጥሩ ነው እትዬ፣ ባትሪው ይሞታል» የሚል ምክር በየማዕዱ ይሰማ ጀመር።

ያን ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፋ ማስታወቂያውን በልቧ ደጋገመችው። ከሁሉ የከነከናት «ለብቸኛ ሰው የሚመች» የሚለው ነው። እንዴት እንደሚመች የተጠናው በእሷ ላይ ነዋ።

መሥሪያ ቤት ስትደርስ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ካሜራውን ይዞ ይጠብቃታል። በየወሩ ለሚወጣው መጽሔት «በቴክኖሎጂ የተለወጠ ሕይወት» የሚል ነገር ሊሠራ ነው። ከመግቢያው አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የመሥሪያ ቤቱን ራዕይ እንድታነብ ፈለገ። ስልኩ ደግሞ ጎበዝ ቢሆንም ማጥበቅና ማላላት ላይ እጁ ሰነፍ ነው፤ ጠብቆ መነበብ ያለበትን አላልቶ፣ መላላት ያለበትን አጥብቆ ያነባል። «ዋና ሥራ አስኪያጅ» ከሚለው «ዋና»ን አላልቶ ሲያነበው፣ ሰውየው የውኃ ዋና ሥራ የሚያስኪዱ ሆነው ቁጭ አሉ። ይህ ከተሰማ ጀምሮ በየቢሮው ስማቸው «ዋናተኛው» ሆኗል። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ይህን ቦታ መዝለል ይቻል እንደሆን በትሕትና ጠየቃት። «ማሽኑ ያገኘውን ነው የሚያነበው፤ እንደ ሰው አይመርጥም» አለችው። እንደ ምስጋና ቆጥሮ ጻፈው።

ስልኩ የመጣ ሰሞን የእሷንም ክፍል በር አንብቦላት ነበር። የስልክ ማዞሪያው ያለበት ክፍል በሩ ላይ «የስልክ ማዕከል» እንደሚል ነበር ሲነገራት የኖረው። ስልኩ ያነበበው ግን «ዕቃ ግምጃ ቤት ቁጥር ሁለት» ብሎ ነው። ለጠቅላላ አገልግሎት አመለከተች፤ ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው አሏት። ያን ጊዜ ስቃ ነበር ያለፈችው። ዛሬ ስታልፍ እጇን በሩ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆመች።

ለምሳ ሰዓት ገንዘብ ያዧ እንደ ልማዷ የምሳ ዕቃዋን ይዛ መጣችና ማዞሪያው ጎን ተቀመጠች። አብረው መሥራት ከጀመሩ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ የአንዷ ዝምታ ለሌላዋ ይሰማታል። ኦፕሬተሯ ሁሉንም ነገረቻት፤ የባለሱቁን ክትባትም ሳትተው። ገንዘብ ያዧ በክትባቱ ሳቀች፣ በቀረው አፏን ይዛ ቀረች።

«እኔ ብሆን ወረቀቱን ቦጫጭቄ ነው የምመጣ።»

«ብቦጫጭቀው ነፋስ ቀደደው ይላሉ፤ ሌላ ይለጥፋሉ።»

«ታዲያ ዝም ልትዪ ነው?»

«ስልክሽን አውሺኝ» አለች ኦፕሬተሯ። «ወንድሜ የእኔን ቁጥር ያውቀዋል።»

ኦፕሬተሯ ሁለት ድምፅ አላት። አንዱ ለቤትና ለወዳጅ ነው፤ ዝቅ ያለ፣ መጨረሻው የሚዋጥ። ሁለተኛው የሥራ ድምፅ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ጥርት ያለ፣ በመስመር ያለ ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ እንዲቀመጥ የሚያደርግ። ወንድሟ ይህንን ሰምቶት አያውቅም፤ ሥራ ቦታዋ ደውሎ አያውቅምና። ቁጥሩን መታችና ለገንዘብ ያዧም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፈተችው።

«ሃሎ! … ፍሬን! ፍሬን ነው ያልኩሽ፣ ነዳጁን አይደለም!» አለ ወንድሟ። የመኪና ማሽከርከር አሠልጣኝ ነው። «ይቅርታ እመቤቴ፣ ተማሪ ይዤ ነው። ማን ልበል?»

«ስለሚከራየው ክፍል ነበር።»

«አዎ! አዎ! ምርጥ ክፍል ናት፤ አላጋንንም። ጠዋት ፀሐይዋን ቢያዩት! አንቺ መስታወቱን እዪ እንጂ! ዓይን የተሰጠን ለምንድን ነው? … ይቅርታ። ብቻዎን ነዎት?»

«ብቻዬን ነኝ። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሰው አላበዛም።»

«እንደ እርስዎ ያለ ሰው ነው የምንፈልገው!»

«ክፍሉ ባዶ ነው ወይስ ሰው አለበት?»

መኪናው ሲንገጫገጭ ተሰማ። «ሰው እንኳን… ዕቃ ነው ያለው። የቤተሰብ ዕቃ። የቆየ ነው። ይነሣል።»

ገንዘብ ያዧ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ኦፕሬተሯ የድምጿን ጥራት ሳትለቅ፣ «ለማንሳት አያስቸግርም?» አለች።

«ትንሽ ማግባባት ይጠይቃል እንጂ… ማለቴ ትንሽ ጉልበት ይጠይቃል። እኛ እንጨርሰዋለን።»

«ግቢው ውስጥ ማን ማን አለ?»

«እኔና ባለቤቴ ነን። እህቴም አለች። እሷ ዓይነ ስውር ናት፤ ምንም አታስቸግርዎትም። መልአክ ናት። ምንም ቢሏት መልሷ እሺ ነው።»

በመስመሩ ላይ የመኪናው ፍሬቻ ብቻ ቀጭ ቀጭ ይላል። «ዛሬ ማታ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ብመጣስ?» አለች ኦፕሬተሯ። ይምጡ፣ እንጠብቃለን፣ ለስላሳ ነገርም አይጠፋም አላት። ስልኩ ሲዘጋ ገንዘብ ያዧ የምሳ ዕቃዋን ክዳን ገጥማ «ልሸኝሽ?» አለች። አያስፈልግም አለቻት። የተሰማት ንዴት ቢሆን ይቀላት ነበር። የከበዳት ወንድሟ የዋሸው ሳይሆን እውነቱን የተናገረበት ቦታ ነው። እውነትም ምንም ቢሏት መልሷ እሺ ነው። ሬዲዮዋን ለሳሎን ሲወስዱት እሺ ብላለች። የእናቷን ቁም ሣጥን ሲሸጡት እሺ ብላለች። እሺ ማለት ጨዋነት መስሏት ነበር፤ ለካ ሰው እየለመደባት ኖሯል።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የራሷ ስልክ ጮኸ። የወንድሟ ሚስት ናት፤ ድምጿ ማር ነው። «እትዬ፣ ዛሬ ክፍልዎን ለትኋን መድኃኒት ልናስረጨው ነው። ሽታው ሳንባ ይጎዳል ይላሉ። ምናለ ጓደኛዎ ዘንድ ቆይተው አንድ ሰዓት ላይ ቢመጡልን?»

«ትኋን አለ እንዴ?»

«ውይ፣ ምን ያላየነው ጉድ አለ! ለእርስዎ ብለን ነው እኮ።»

«እሺ» አለች ኦፕሬተሯ። ለመጨረሻ ጊዜ እንድትሆን ብላ ነው ያለቻት።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ወደ መንገድ በሚከፈተው የክፍሏ በር ፊት ቆመች። ቁልፉ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ አላወጣችውም። ፀጉሯን በእጇ ዳበስ ዳበስ አድርጋ እንደ እንግዳ አንኳኳች። ውስጥ ወንበር ተጎተተ፣ የሹክሹክታ ድምፅ ተሰማ፣ በሩ ተከፈተ። «ይግቡ፣ ይግቡ! እንኳን ደህና…» አለች የወንድሟ ሚስት።

ኦፕሬተሯ ገባች። ክፍሏ ክፍሏን አይሸትም። ወለሉ በሎሚ ሳሙና ታጥቧል፣ አየሩ ላይ የወንድሟ ሚስት ሽቶ ተነፍቶበታል፣ ከእግሯ ሥር የማታውቀው ምንጣፍ ተነጥፏል። ከበሩ ወደ አልጋዋ የሚወስደውን መንገድ ሳታስብ ነበር የምትሄደው። ዛሬ ገና እንደተራመደች ጉልበቷ ከአንድ ጠረጴዛ ጋር ተላተመ። የለስላሳ ጠርሙስ ወድቆ ተንከባለለ። አልጋው ተገፍቶ ሌላ ጥግ ሄዷል፤ ልብሶቿ የሚሰቀሉበት ገመድ የለም። በገዛ ክፍሏ መሃል እጇን ዘርግታ ግድግዳ ፈለገች።

«እታለም!» አለ ወንድሟ። «ምነው… ማለቴ መድኃኒቱ… ገና ሊረጭ ነው እኮ።»

«ስለሚከራየው ክፍል ነበር» አለች ኦፕሬተሯ፣ በሥራ ድምጿ። «ቀን በስልክ ተነጋግረን ነበር። ቀጠሮዬ አሥራ አንድ ተኩል ነው።»

የወደቀው ጠርሙስ የቀረውን ምንጣፉ ላይ ሲያንጠባጥብ ይሰማል። የሚያነሳው አልተገኘም።

«አሳዩኝ እንጂ» አለች። «ፀሐይዋ በየት በኩል ነው የምትገባው?»

«በ… በመስኮቱ ነው» አለ። «ጠዋት ጠዋት።»

«እርጥበት ነው ሲባል ነበር የምሰማው። ዕቃውስ የታለ? የቤተሰብ የሆነው፣ የቆየው?»

ወንድሟ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ ናት ቀድማ ራሷን የሰበሰበችው። «እትዬ፣ እኛ እኮ ለእርስዎ ብለን ነው! ከወጥ ቤቱ ቀጥሎ ያለችውን ክፍል ልናሳምርልዎ ነው። ሙቅ ናት፤ ለመጸዳጃ ቤትም ቅርብ ናት፤ ከእኛ ጋርም ይቀራረባሉ። እዚህ መንገድ ዳር ብቻዎን ሆነው እኔ እንቅልፍ የለኝም።»

«የጋዝ ሲሊንደሩና መደርደሪያው ያለበት ነው?»

«እነሱን እናነሳቸዋለን!»

«መስኮት አለው?»

«መስኮት እንኳን የለውም፤ ግን ለእርስዎ መስኮት ምን…» ብላ ቆመች።

ቃሉ ከአፏ ወጥቶ መሃላቸው ቆሟል። ወንድሟ «ተይ!» አለ በሹክሹክታ፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ። ኦፕሬተሯ ግድግዳውን አግኝታ ተደገፈችው። «ለአየር» አለች ዝግ ብላ። «መስኮት ለአየርም ነው።» ድምጿ ሳታውቀው ወደ ቤት ድምጿ ተመልሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወንድሟ ተናገረ። አንገቱን ደፍቶ ስለነበር ቃሉ ከደረቱ ውስጥ ነው የሚመጣው። የሚሠራበት ማሠልጠኛ ባለቤት ገና ጢሙን ያላበቀለ ልጅ ነው፤ በተማሪ ፊት «አንተ ሽማግሌ» ብሎ ይጮኽበታል። የራሱን መኪና ገዝቶ በራሱ ማሠልጠን ይፈልጋል። የክፍሉ ኪራይ ከሌላው ጋር ተደምሮ መኪናዋን ቀስ በቀስ ይከፍልለታል። ይህን ሁሉ ሊነግራት ስንት ጊዜ ወደ ክፍሏ መጥቶ፣ ስለ አየሩ ሁኔታ አውርቶ ተመልሷል። እሷም ትዝ አላት፤ በቅርቡ ስለ ዝናብ ማውራት አብዝቶ ነበር።

«ብትነግረኝ ምን አለበት?» አለችው።

«ብነግርሽ እሺ ትያለሽ።»

«ታዲያ እሺ ካልኩህ ምን ቸገረህ?»

«እሺ ስትዪኝ ፊትሽን ማየት አልችልም ነበር» አለ።

ይህን ሲል እውነቱን ነው፤ እሷም አምናዋለች። ማመኗ ግን ጉልበቷ ላይ የተላተመችውን አላሻረላትም። «እንግዲያው ዛሬ እሺ አልልም» አለች። «አልጋዬን ወደነበረበት መልሱት። ጠረጴዛውን አውጡት፣ ገመዴን ስቀሉት፣ ምንጣፉን ከእግሬ ሥር አንሱልኝ። ቤቱ የእናታችን ነው፤ የእኔም የአንተም ነው። ክፍሏን አይቻታለሁ፤ ወድጃታለሁ፤ አለቅም።»

ወንድሟ ብድግ ብሎ የአልጋውን አንድ ራስ ያዘ። ሚስቱ ሌላውን ራስ የያዘችው ብዙ ቆይታ ነው። መሃላቸው እንዳትጎዳ ብሎ «እታለም፣ እስክንጨርስ ሳሎን ተቀመጪ» አላት። ሳሎን! ሳሎኑ የወንድሟ ሚስት ሌላ ዓለም ነው። ትልቅ ነው፣ ወደ ግቢው የሚከፈት ሰፊ በር አለው፤ ሰው ግን አይቀመጥበትም። ሶፋው ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ፕላስቲኩ አልተገፈፈም። በመስታወት ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከንፈር ነክቷቸው የማያውቁ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ይህ ሁሉ ለእንግዳ ነው የተዘጋጀው፤ እንግዳው ማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም፤ መጥቶም አያውቅም። ቤተሰቡ ሦስት ሆኖ በወጥ ቤቷ ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ክርን ለክርን እየተጋጨ ይበላል። ኦፕሬተሯ ሶፋው ላይ ስትቀመጥ ፕላስቲኩ ከሥሯ ጮኸ። እግሯን ዘረጋች። እግር የሚዘረጋበት ቦታ ቤታቸው ውስጥ መኖሩን ረስታው ነበር።

አልጋው በግድግዳው ማዶ ሲጎተት እየሰማች ሳለ የግቢው በር ተንኳኳ። ቅርብ የነበረችው እሷ ነችና ወጥታ ከፈተች። አንዲት ሴት ናት፤ ድምጿ የደከመ፣ ከልብሷ የሆስፒታል ሽታ የሚመጣ። ነርስ መሆኗን፣ ዛሬ ማታ ተረኛ በመሆኗ መቸኮሏን፣ ስለ ክፍሉ ከአንድ ወንድ ጋር መነጋገሯን ተናገረች። ወንድሟ አንዷ ብትቀር በሚል ሁለት ሰው ነበር የቀጠረው። ኦፕሬተሯ አስገባቻት። ነርሷ በተከፈተው በር አሻግራ፣ ወንድምና ሚስት ላብ በላብ ሆነው አልጋ ሲገፉ፣ ግድግዳው ሥር የተከመረውን የሴት ልብስ፣ ከዚያም የኦፕሬተሯን ነጭ በትር አየች።

«እዚያ ክፍል የሚኖሩት እርስዎ ነዎት?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ሰው አስወጥቼ አልገባም፤ ይቅርብኝ» አለች ነርሷ። «እኔንም የምኖርበት ለልጃችን ፈለግነው ብለው እያስወጡኝ ነው። ሥራው እንዴት እንደሆነ አውቀዋለሁ።» ልትመለስ ዞረች።

ለኦፕሬተሯ ከጠዋት ጀምሮ እውነቱን በቀጥታ የነገራት ሰው ይቺ ሁለተኛዋ ናት፤ አንደኛዋ ገንዘብ ያዧ ነበረች። ኦፕሬተሯ የነርሷን ክንድ ያዝ አደረገች። «ያቺ ተይዛለች። ይኼኛውን ግን አይተሽው ብትሄጂ ምናለ?»

«ይኼ ሳሎን አይደለም እንዴ?»

«ሳሎን ነው። ጸጥ ያለ ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም።»

የወንድሟ ሚስት መወልወያ ጨርቅ እንደያዘች በሩ ላይ ደረሰች። «እትዬ! ምን እያሉ ነው? ሳሎኔን?»

«የእናታችንን» አለች ኦፕሬተሯ። «ለመኪናው ኪራይ ያስፈልጋል ተባለ። ሰፊ ስለሆነ ከእኔ ክፍል ይልቅ በጥሩ ዋጋ ይከራያል።»

ሚስትየው ወደ ባሏ ዞረች። ወንድሟ ከኋላዋ ቆሟል። ሳሎኑን ዙሪያውን ሲቃኝ ቆየ፤ ብርጭቆዎቹን፣ ፕላስቲኩን፣ የጨርቅ አበባውን ሁሉ አንድ በአንድ። ሚስቱ ጨርቁን በሁለት እጇ ጨምቃ ይዛዋለች። «በል እንጂ» አለችው። ነርሷ ሰዓቷን አየች። «መሃል ላይ የኮምፖርሳቶ ግድግዳ ቢገባበት» ጀመረ ወንድሟ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ፣ «ሁለት ክፍል ይወጣዋል። መኝታና እንግዳ መቀበያ።» ስለ መብራቱና ስለ ውኃው ሲያስረዳ ቀን በስልክ የነበረው ዓይነት ድምፅ እየመጣለት ሄደ። ነርሷ በየት በኩል እንደሚቆለፍ ጠየቀች፣ ሶፋውን ወዴት እንደሚያደርጉት ጠየቀች፤ በዋጋው ሳይከራከሩ ተስማሙና እሑድ እገባለሁ ብላ ወደ ተረኝነቷ ሮጠች። የወንድሟ ሚስት ሶፋው ላይ ቁጭ አለች። ፕላስቲኩ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ለእሷም ጮኸ።

እራት በወጥ ቤት ተበላ። ሦስቱም ክርን ለክርን ናቸው። ወንድሟ ስለ ዝናብ ሊያወራ አፉን ከፍቶ፣ ሐሳቡን ቀይሮ ዝም አለ። ከዚያ ሳይታሰብ «እሑድ መኪና ለማየት እሄዳለሁ፤ ትመጪያለሽ?» አላት። ሞተሩን ሰምታ ትፈርድለት እንደሆነ ነው። «አስብበታለሁ» አለችው። ይህን መልስ ለማንም ሰጥታ ስለማታውቅ አፏ ውስጥ እንግዳ ሆነባት።

የወንድሟ ሚስት ሳህኗ ላይ አቀርቅራ ሹካዋን ታቃጭላለች። ዓመት ሙሉ ከአፏ የማይለየው «ይብሉ እንጂ እትዬ፣ ምን ላቅርብልዎ እትዬ» ዛሬ የለም። ሾርባውን ቀመሰች፣ ማንኪያዋን አስቀመጠች፣ እጇን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ጨው አቀብዪኝ» አለች።

ወንድሟ መብላቱን አቆመ። ወደዚያ ቤት በሙሽርነት ከገባች ጀምሮ የባሏን ታላቅ እህት «አንቺ» ብላ አታውቅም፤ ቃሏ ሁልጊዜ እርስዎ፣ ለእርስዎ፣ ስለ እርስዎ ነበር። ኦፕሬተሯ ጨዉን ዳብሳ አገኘችው። አቀበለቻት፤ ከዚያም እጇን መልሳ ሳትሰበስብ፣

«ስትጨርሺ መልሺልኝ፤ የእኔም አልጫ ነው» አለቻት።